ድሮን ለምን ይወድቃል? ለምንስ ይጠፋል?

በዚህ እትም በሳይንስና ቴክኖሎጂ ዓምድ ስለ ድሮን ይዤላችሁ ቀርቤያለሁ። ከመጀመሬ በፊት ግን አንድ ነገር ላጥራ። በእኛ አካባቢ ድሮን የሚለው ቃል ሲጠራ ብዙ ሰው ልቡ ድንግጥ ይላል። ምክንያቱን ሁላችንም ስለምናውቀው እዚህ አልጽፈውም። እኔ የምጽፈው ስለዚያኛው አይደለም። ሰርግ ላይ ቪዲዮ ስለምታነሳው፣ አራት ውልብልቢት ስላላት ትንሿ ድሮን ነው። ዲጄአይ ሚኒ 2 የምትባለው ለምሳሌ ክብደቷ 249 ግራም ብቻ ነው። ሱቅ ሄዳችሁ ሩብ ኪሎ ስኳር ብትገዙ ከእሷ በ1 ግራም ይበልጣል!

አጎቴ ጎንደር ከተማ የሰርግ ቪዲዮ ይቀርጻል። ክረምት እሱ ጋ ስከርም ብዙ ነገር አሳይቶኛል፤ የቀረውን የአይሲቲ መምህራችንን እየጠየቅኩ አሟላሁት። አጎቴ እንደሚለው ድሮን የሚያበር ሰው ሁለት ዓይነት ነው፤ አንዱ ድሮኑ የወደቀበት፣ ሌላው ገና የሚወድቅበት። ዋጋዋ ደግሞ ቀልድ አይደለም፣ ከእርሻ በሬ ጋር ይወዳደራል ይላል። በሬ ቢጠፋ እንኳ ኮቴውን ተከትለህ ትፈልገዋለህ። ድሮን ግን ኮቴ የላትም።

መጀመሪያ እንዴት እንደምትበር ካላወቅን እንዴት እንደምትወድቅ አይገባንም። አራቱ ውልብልቢቶች ሁሉም ወደ አንድ አቅጣጫ አይዞሩም። ሁለቱ ወደ ቀኝ፣ ሁለቱ ወደ ግራ ነው የሚዞሩት። ሁሉም ወደ አንድ ወገን ቢዞሩ የድሮኗ አካል በተቃራኒው እንደ እንዝርት ይሽከረከር ነበር። ስለዚህ የቀኙን ውልብልቢት በግራው ቦታ ብትገጥሙት አየሩን ወደ ታች መግፋቱ ይቀርና ልትነሳ ስትል እዚያው ትገለበጣለች። አዲስ የገዙ ሰዎች በመጀመሪያው ቀን በዚህ ሊሰብሯት ይችላሉ። የተሰነጠቀ ውልብልቢትም እንዲሁ ነው፤ መሬት ላይ ደህና ይመስላል፣ አየር ላይ ሲፈጥን ይሰበራል።

ወፍ ክንፏን ዘርግታ ትንሳፈፋለች። አውሮፕላንም ሞተሩ ቢጠፋ ትንሽ ይንሳፈፋል። ይቺ ግን ሰፊ ክንፍ ስለሌላት ሞተሯ ቆመ ማለት እንደ ድንጋይ ናት። ከ50 ሜትር ከፍታ ብትወድቅ፣ የአየር ግጭትን ካልቆጠርን፣ ከ3 ሰከንድ ትንሽ በልጦ መሬት ትደርሳለች። ስትደርስ ፍጥነቷ በሰዓት 113 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። (በጠቅላላ ሳይንስ የተማርነውን 9.8 አስገብታችሁ አስሉት፣ ይመጣል።) አየሩ ፍጥነቷን ቢቀንሰውም ሩብ ኪሎ ነገር ከዚያ ከፍታ አናት ላይ ሲያርፍ አስቡት። በ2008 ዓ.ም. ታኅሣሥ ወር ጣሊያን ውስጥ ማርሴል ሂርሸር የሚባል ኦስትሪያዊ በበረዶ ላይ እየተንሸራተተ ሲወዳደር ቪዲዮ የምታነሳ ትልቅ ድሮን ከኋላው ዱብ አለች። በጥቂት ሜትር ተረፈ። እሱ አላየም፣ ሩጫውን ቀጠለ፤ ከዚያ በኋላ ድሮን በእነዚያ ውድድሮች ላይ ተከለከለ። ሰርግ ላይ በሰው አናት ላይ ማንዣበብ ለምን ጥሩ እንዳልሆነ ከዚህ ይገባችኋል።

አሁን ወደ እኛ ሀገር ጉዳይ ልግባ። እሱ ሙቀት ነው።

የሚኒ 2 መመሪያ ላይ መብረር የምትችለው ከ0 እስከ 40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መሆኑ ተጽፏል። መተማ በመጋቢትና በሚያዝያ ስንት እንደሚሆን ለእናንተ አልነግራችሁም፤ ክፍል ውስጥ ተቀምጠን ደብተራችን በላብ ሲርስ አይታችኋል። ከ40 በላይ ይሄዳል። ድሮኗ የተሠራችበት ሰው እንዲህ ያለ ሀገር መኖሩን የረሳ ነው የሚመስለው። ደግሞ የሰርግ ወቅት መቼ ነው? ከፋሲካ በኋላ! ማለት ሀገሩ በእሳት ሲነድ ድሮኗ ትነሳለች።

የድሮን ባትሪ ሊቲየም ነው። ሊቲየም ባትሪ ሙቀት ሲበዛበት በውስጡ ጋዝ ይፈጠርና ያብጣል። ያበጠ ባትሪ ድሮኗ ሆድ ውስጥ በደንብ ስለማይገጥም በአየር ላይ ሊነቀል ይችላል። ሰዎች የማያስተውሉት ነገር መኪና ነው። ፀሐይ ላይ በቆመ የተዘጋ መኪና ውስጥ ያለው ሙቀት ከውጪው በ20 ዲግሪ ሊበልጥ ይችላል። ውጪው 40 ከሆነ ውስጡ 60 ሆነ ማለት ነው። ባትሪውን እዚያ ውስጥ አሳድሮት፣ አይ ይቅርታ፣ አውሎት ከዚያ አውጥቶ ማስነሳት በሬን ውሃ ሳያጠጡ እንደ መጥመድ ነው። አጎቴ ወደ ቆላ ሲወርድ ባትሪዎቹን በእርጥብ ጨርቅ አጠገብ ጥላ ሥር ያስቀምጣል፤ ጨርቁ ግን ባትሪውን አይነካም።

ከድሮኗ ይልቅ ቶሎ የሚሸነፈው ግን ስልኩ ነው። ይህቺ ድሮን የምታየውን የምናየው ሪሞቱ ላይ በተሰካ ስልክ ነው። ስልክ ፀሐይ ላይ ሲግል መጀመሪያ ስክሪኑ ይደበዝዛል፣ ከዚያ አፑ ይዘጋል። ድሮኗ እዚያ ላይ ናት፣ ሰውዬው ደግሞ ጥቁር መስታወት ይዞ ቆሟል።

ባለፈው ዓመት ገንዳ ውሃ አካባቢ አንድ ሰርግ ላይ የሆነው ይኸው ነው። ካሜራ ማኑ ከሌላ ከተማ የመጣ ነው፣ ስሙን አልጠራም። ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ሙሽሮቹ ከመኪና ሲወርዱ ድሮኗን ከፍ አደረጋት። ብዙም አልቆየ፣ ስልኩ ጠፋ። ስልኩ ቢጠፋም እኮ ሪሞቱ ይሠራል፤ ወደ ቤት የሚመልስ ቁልፍም አለው። ሰው ሲደነግጥ ግን ያንን ያስታውሳል? በዓይኑ እያየ ሊያመጣት ሞከረ። እዚህ ላይ ሌላ ተንኮል አለ። ድሮኗ ፊቷን ወደ እናንተ ካዞረች ግራና ቀኝ ይገለበጣል፤ ሁለት ሰዎች ፊት ለፊት ሲቆሙ የአንዱ ቀኝ ለሌላው ግራ እንደሚሆነው ማለት ነው። ወደ ቀኝ ሲገፋት ወደ ግራ ሄደች። ወደ ፊት ሲላት ወደ እሱ መጣች። ከዚያ ከግራሮቹ ጀርባ ወርዳ ተሰወረች።

ሁለት ቀን ተፈለገች። በሦስተኛው ቀን ፍየል የሚጠብቁ ልጆች አገኟት። ልጆቹ አልነኳትም፣ ፍየላቸውን ትተው ነው የሮጡት። መንደሩ ሲሰማ እናቶች ልጆቻቸውን ወደ ቤት አስገብተው በር ዘጉ። ከቀበሌ ሚሊሻ እስኪመጣ ድረስ የቀረባት ሰው የለም። ካሜራ ማኑም ተጠርቶ ፈቃዱንና የድሮኗን ወረቀት አምጥቶ እስኪያስረዳ ግማሽ ቀን ፈጀበት። አንዳንድ ሰው ይህን ሲሰማ ይስቃል። እኔ አልሳቅኩም፣ የዚያ መንደር ልጅ ብሆን እኔም እሮጥ ነበር። ለዚህ ነው እኛ ጋ ድሮን ጠፋች ማለት ገንዘብ ጠፋ ማለት ብቻ ያልሆነው።

ሌላው ትልቁ ጠላት ነፋስ ነው። እሱን በሒሳብ እንየው። ነፋስ በሌለበት በሰከንድ 10 ሜትር የምትሄድ ድሮን አለች እንበል። ነፋሱ በሰከንድ 6 ሜትር ይነፍሳል። ነፋሱን ተከትላ ስትሄድ 10 ሲደመር 6፣ በሰከንድ 16 ሜትር ትከንፋለች። 1600 ሜትር ለመድረስ 100 ሰከንድ ይበቃታል። ስትመለስስ? 10 ሲቀነስ 6፣ በሰከንድ 4 ሜትር ብቻ። ያንኑ መንገድ ለመመለስ 400 ሰከንድ ሊፈጅባት ነው፤ አራት እጥፍ! ሰውዬው ግን ባትሪው ግማሽ እስኪደርስ ወደ ፊት ሄዶ በቀረው ግማሽ እመለሳለሁ ብሎ አስቧል። አይመለስም። ባትሪው ሊያልቅ ሲል ድሮኗ ራሷ ባለችበት ታርፋለች። ከታች ጓንግ ወንዝ ይሁን የማሽላ ማሳ እሷ አትመርጥም። በመስከረም ማሽላ ውስጥ ሰው ቆሞ አይታይም፣ እንኳን ሩብ ኪሎ ድሮን። ስለዚህ የሚያውቁ ሰዎች መጀመሪያ ነፋሱን ተቃውመው ይሄዳሉ፤ ሲመለሱ ነፋሱ ራሱ ያመጣላቸዋል።

ሀቡብን ደግሞ ከሱዳን የመጡት የክፍላችን ልጆች ከኔ በተሻለ ያውቁታል። ዝናብ ያዘለ ደመና ሲፈርስ ቀዝቃዛ አየር ወደ ታች ይወርዳል፣ መሬት ሲመታ በየአቅጣጫው ይሮጣል፣ አቧራውን እንደ ግድግዳ አቁሞ ይዞት ይመጣል። ሚኒ 2 የምትቋቋመው ነፋስ ቢበዛ በሰከንድ 10.5 ሜትር ነው፤ በሰዓት 38 ኪሎ ሜትር ገደማ ማለት ነው። ሀቡብ ብዙ ጊዜ ከዚያ በላይ ነው የሚነፍሰው። በዚያ ላይ አቧራው ሞተሯ ውስጥ ይገባል። አድማሱ ቡናማ ሲሆን ማውረድ ነው፣ ሌላ መላ የለውም።

«ድሮን እኮ ራሷ ትመለሳለች፣ ምን አስጨነቃችሁ?» የሚል ይኖራል። እውነት ነው፣ ሲግናል ሲቋረጥ ወደ ተነሳችበት እንድትመለስ ተደርጋ ተሠርታለች። ግን የተነሳችበትን የምታውቀው በጂፒኤስ ነው። ጂፒኤስ ከ20 ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ርቀው ከሚዞሩ ሳተላይቶች መልእክት ይቀበላል፤ ቦታዋን በትክክል ለማወቅ ቢያንስ 4 ሳተላይት ያስፈልጋል። ይህን ለማግኘት መሬት ላይ ጥቂት መጠበቅ አለባት። ሙሽራው መጣ፣ ሙሽራው መጣ ሲባል ሳይጠብቁ ያስነሷታል። ከዚያ ሳተላይቶቹን የምታገኘው አየር ላይ ሆና ነው፤ ቤቴ ብላ የምትመዘግበውም ያንን ቦታ ይሆናል። ጣሪያ ላይ ይሁን፣ ዛፍ ላይ ይሁን፣ ገደል ላይ ይሁን ግድ የላትም፣ እዚያ ሄዳ ትወርዳለች።

ስትመለስ የምትነሳበት ከፍታም አስቀድሞ የሚሞላ ነው። 30 ሜትር ተብሎ ከተሞላና በመሃል 40 ሜትር የቴሌ ማማ ካለ ቀጥ ብላ ሄዳ ትላተመዋለች። ሚኒ 2 ከፊቷ ያለውን የሚያይ ሴንሰር የላትም። ስልኩ ላይ የሚታየው ከፍታ ደግሞ የሚቆጠረው ከተነሳችበት ቦታ እንጂ ከሥሯ ካለው መሬት አይደለም። መተማ ሜዳ ስለሆነ ይህ ብዙ አይጎዳም። ጭልጋ ወይም ጎንደር ላይ ግን ከሸለቆ ተነስታ 60 ሜትር ላይ ነኝ ስትል ከፊቷ 100 ሜትር ተራራ ሊቆም ይችላል። ወደ ደጋው ከወጣን አይቀር፣ ከፍ ያለ ቦታ አየሩ ስስ ስለሆነ ውልብልቢቶቹ በፍጥነት መዞር አለባቸው፣ ባትሪም ቶሎ ያልቃል። ለሚኒ 2 የተፈቀደው ከባሕር ወለል በላይ እስከ 4000 ሜትር ነው። ራስ ደጀን ከ4500 ይበልጣል። እዚያ አናት ላይ ወጥቶ ድሮን ለማስነሳት ያሰበ ካለ ሐሳቡን ይለውጥ።

ቆርቆሮና ብረት ኮምፓሷን ያሳስቱባታል። በአይሱዙ ኮፈን ላይ፣ ብረት በበዛበት ኮንክሪት ላይ፣ ወይም ከቆርቆሮ ጣሪያ ላይ ስታስነሷት ሰሜኑ የት እንደሆነ ይጠፋታል። ጂፒኤሱ እዚህ ነሽ ይላታል፣ ኮምፓሱ ወደዚያ ነሽ ይላታል፤ ሁለቱ ሳይስማሙ ሲቀሩ እንደ ጥንብ አንሳ መዞር ትጀምራለች፣ ክቡ እየሰፋ እየሰፋ ይሄድና ግድግዳ ያገኛል። ይህ ከሁሉም የገረመኝ ነው፣ ምክንያቱም የሚያየው ሰው ድሮኗ ያበደች ይመስለዋል።

ወንዝ ላይ ዝቅ ብሎ መብረርም አይመከርም። ሆዷ ሥር ያለው ሴንሰር መሬትን እያየ ነው ቦታዋን የሚጠብቀው፤ ውሃ ሲያብረቀርቅና ሲንቀሳቀስ ይወናበዳል። ቀጥ ብሎ በፍጥነት መውረድም አለ፤ ራሷ ወደ ታች የገፋችው የተረበሸ አየር ውስጥ ስለምትገባ ትንቀጠቀጣለች፣ አንዳንዴም ትገለበጣለች። ሰያፍ አድርጎ ማውረድ ይሻላል። የመብራት ሽቦ ደግሞ በካሜራ አይታይም፤ ሲታይ ረፍዷል።

ወፎችን አልረሳሁም። ጭልፊት ከልጅ እጅ ሥጋ ነጥቃ የምትሄድ ወፍ ናት፣ ድሮን አትፈራም። በተለይ ጫጩት ባላት ጊዜ ጠላት የመጣባት ይመስላታል። ወፍ ከመጣች ወደ ላይ ቀጥ ብሎ መውጣት ነው የሚመከረው፤ ወፍ ወደ ታች መወርወር እንጂ ቀጥ ብላ ወደ ላይ መፍጠን ይከብዳታል። ጉዳቱ ግን በወፎችም ይብሳል። በ2013 ዓ.ም. ግንቦት ካሊፎርኒያ ውስጥ ቦልሳ ቺካ በሚባል የተከለለ ቦታ አንዲት ድሮን ወፎች እንቁላል በጣሉበት መሃል ወደቀች። ወደ 3000 የሚጠጉ ወፎች ደንግጠው እንቁላላቸውን ጥለው ሄዱ፣ አልተመለሱም። እኛም አላጥሽ ብሔራዊ ፓርክ አለን፣ ስለዚህ ይመለከተናል።

ከአውሮፕላን ጋርም ልትጋጭ ትችላለች። በ2017 ዓ.ም. ጥር 1 ቀን ሎስ አንጀለስ ስትቃጠል አንድ ሰው እሳቱን ለማየት ትንሽ ድሮኑን ከ2 ኪሎ ሜትር በላይ ልኮ ከዓይኑ ጠፋችበት። ድሮኗ ውሃ የሚረጨውን አውሮፕላን ክንፍ መታች፣ ክንፉ ተበሳ፣ አውሮፕላኑ ሥራ አቆመ። እሳት እየነደደ! የግሪሳ ወፍ ማሽላ ላይ ሲወርድ መድኃኒት የሚረጩ አውሮፕላኖችም ዝቅ ብለው ነው የሚበሩት፤ በዚያን ጊዜ ድሮን ማስነሳት ምን ማለት እንደሆነ ከዚህ ማሰብ ይቻላል።

በሀገራችን ድሮን ለማስገባትም ለማብረርም ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ፈቃዱን የሚመለከተው የኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት አስተዳደር፣ በአጭሩ ኢንሳ የሚባለው ነው። በ2013 ዓ.ም. መስከረም ላይ ደግሞ በህዳሴ ግድብ ላይ ማንኛውም በረራ ተከልክሏል። ለእኛ ከሁሉም የሚቀርበው ድንበሩ ነው። ከመተማ ዮሐንስ ገላባት ድልድይ መሻገር ብቻ ነው። ድሮን ጉምሩክ አታውቅም፣ ነፋስ ከገፋት በደቂቃ ውስጥ ሱዳን ናት። ሱዳን ውስጥ ከ2015 ዓ.ም. ሚያዝያ ጀምሮ ጦርነት አለ፤ በዚያ ምክንያት በመተማ በኩል ስንት ሰው እንደመጣ አይተናል። ከጦርነት የሸሸ ሰው ከላዩ የድሮን ድምፅ ሲሰማ የሰርግ ካሜራ ናት ብሎ እንዴት ያስብ? አጎቴ እዚህ መጥቶ ሰርግ ሲቀርጽ ድንበሩ አጠገብ ከሆነ ድሮኗን ከሻንጣ አያወጣም። ሙሽሮቹ ቢቆጡም አያወጣም።

የወደቀች ድሮን ብታገኙስ? አትንኳት፣ በተለይ ባትሪው ካበጠ ወይም ከተሰነጠቀ። ለቤተሰብ ወይም ለመምህር ተናገሩ። የተጎዳ ሊቲየም ባትሪ ከወደቀ በኋላ ቆይቶም ሊቀጣጠል ይችላል። በ2010 ዓ.ም. የካቲት አሜሪካ አሪዞና ውስጥ አንዲት ድሮን ወርዳ ተቃጠለችና እሳቱ ከ100 ሄክታር በላይ ደንና ሣር በላ። የእኛ ሣር ከጥር እስከ ግንቦት ምን ያህል እንደሚደርቅ፣ የእጣን ዛፉም በእሳት እንዴት እንደሚጎዳ ታውቃላችሁ። የተከመረ ሰሊጥ አጠገብ ብትወድቅማ አይነገርም።

ባለቤቱ ደግሞ ስልኩ ላይ ድሮኗ መጨረሻ የታየችበት ነጥብ ስለሚቀመጥለት ከዚያ ጀምሮ ይፈልጋታል። ባትሪ ካላት ጩኺ ሲላት ትጮኻለች፤ ስለዚህ በነጋታው ሳይሆን በዚያው ሰዓት መሄድ ነው። አጎቴ የገንዳ ውሃውን ነገር ከሰማ በኋላ በድሮኑ ሆድ ላይ ስሙንና ስልክ ቁጥሩን ጽፎ ለጥፏል። ከሥሩ ደግሞ በአማርኛም በአረብኛም «የሰርግ ካሜራ ነው» ብሎ ጨምሮበታል።